አረንጓዴው ላይ ሦስት እስኪቆጠር

እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ የከተማችንን ብርድና ሙቀት የሚወስነው አባቴ መሆኑን አውቅ ነበር። አምን ነበር አላልኩም፤ አውቅ ነበር፣ ሌሎቹ ልጆች አባታቸው ጎማ ፋብሪካ እንደሚሠራ የሚያውቁትን ያህል። ጉራ ግን አልነዛሁበትም። አየሩ ሲበላሽ ወቀሳው ወደኛ ቤት እንዳይመጣ እሠጋ ነበር።

የቴስመር ሕንፃ ሃያ ዘጠኝ ፎቅ ሆኖ መሐል ከተማው ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ቴስመር የመድን ድርጅቱን ሊያስቀምጥበት አሠራው፤ ልጁ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ አናቱ ላይ የመብራት ምሰሶ ተከለበት። ምሰሶው ከላይ እስከ ታች በመስታወት ቱቦ የተጠቀለለ ነበር። ቱቦዎቹ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ እየሆኑ የነገውን አየር ለከተማው ይናገራሉ። ከወንዙ ማዶም፣ ከኮረብታውም ይታያል። እኛ ልጆች ገመድ ስንዘል እንዲህ እንል ነበር፦

ሰማያዊ ሲበራ፣ ብርድ አለ አደራ፤
ቀዩ ሲበራ፣ ፀሐይ አለች ጋራ፤
አረንጓዴው ሲበራ፣ እንደ ትናንት ሥራ፤
ብልጭ ድርግም ሲል ግን፣ ጃንጥላህን ጥራ።

አባቴ ስቴፋን ሁዳክ የሕንፃው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። እዚያ «ስቲቭ» ይሉታል። ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ የምትጠራው እናቴ ነበረች፣ እሷም ኮረብታው ላይ ናት።

እናቴ ሉድሚላ ኮረብታው ላይ አየር እየተቀበለች ነው ተብሎ ተነግሮኛል። ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው አናት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር በረንዳ የሆነ ረጅም ነጭ ቤት ነበር። ልጅ አይገባበትም። ነገሩ ለኔ ምንም የሚያሻማ ነገር አልነበረውም፤ አባቴ ከሕንፃው አየር ይልካል፣ እናቴ ከኮረብታው ትቀበላለች። የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ሳንባ የሚለውን ቃል እስከዚያ ድረስ የሰማሁት ሥጋ ቤት ብቻ ነው።

አክስቴ ዙዛና፣ የአባቴ እህት፣ ጠዋት አብልታኝ ከሰዓት በኋላ ጓንት ፋብሪካ ትገባለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስወጣ በአራት ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሕንፃው እሄዳለሁ። ሕንፃው ውስጥ ልጅ ክልክል ነበር። የሚያስገባኝ በር ሚስ ኦዴሳ ነበረች።

ሚስ ኦዴሳ፣ አለቆቹ ሚስ ቲብስ የሚሏት፣ የሦስት ቁጥር አሳንሰር ነጂ ናት፤ ረጅም ጥቁር ሴት፣ ነጭ ጓንት፣ የሕንፃው አርማ ያለበት ሰፊ ካፖርት። ምሳዋን ከአባቴ ጋር ምድር ቤት፣ ሕንፃውን የሚያሞቀው ቦይለር አጠገብ ትበላለች። ሌላ ቦታ እንዳትበላ የሚከለክል ጽሑፍ አልነበረም። ጽሑፍ አያስፈልግም ነበር፤ ይህ የገባኝ ግን በጣም ቆይቶ ነው። ያኔ የመሰለኝ ሙቀት ስለምትወድ ነው።

አሳንሰሩ ጥግ ላይ የተሰቀለው ካፖርቷ ውስጥ እደበቃለሁ። የናፍታሊንና የሎሚ ሳሙና ሽታ ነበረው። ከውስጥ ሆኜ ጫማዎች ሲገቡና ሲወጡ አያለሁ።

«ሚስ ቲብስ፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለ አንድ ቀን ባለ ቡናማ ጫማ።

«የትኛዋ ጌታዬ?»

«ካፖርቱ ሥር እግር አለ።»

«ካፖርት እግር የለውም ጌታዬ። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ! ሲወጡ ይጠንቀቁ።»

ቡናማው ጫማ ተጠንቅቆ ወጣ። መጨረሻ ላይ ብቻችንን ስንሆን በሩን ትከፍትና በዚያው የሥራ ድምፅዋ፣ «ሃያ ዘጠኝ! ከዚህ በላይ መላእክትና ስቲቭ ብቻ ናቸው፤ ውጪልኝ» ትለኛለች።

ከዚያ አርባ አራት የብረት ደረጃ። ቀጥሎ የመብራቱ ክፍል። ክፍሉ እንደ አንድ ትልቅ ድመት ሲያንኮራፋ ይውላል፤ ወለሉ በጫማ በኩል ይሞቃል፣ የሞቀ አቧራና የማሽን ዘይት ይሸታል። መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ ወይም አልሠራም። በጠባቡ መስኮት ወንዙ፣ ድልድዩና ኮረብታው ይታያሉ። ሲመሽ ኮረብታው ላይ አንድ ረድፍ ቢጫ ብርሃን ይቀራል።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ስልኩ ይጮኻል። አባቴ ያነሳና፣ «ሰማያዊ። ብልጭታ የሌለው። ገባኝ» ይላል። የአውሮፕላን ማረፊያው የአየር ትንበያ ሠራተኛ፣ ካርል የሚባል ሰው፣ በሌላው ጫፍ እየነገረው ነበር። እኔ ግን የምሰማው የአባቴን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ አዛዡ አባቴ፣ ታዛዡ ስልኩ ነበር።

ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት የነሐሱን እጀታ ይይዛል። እጀታው ሦስት ማረፊያ አለው፤ ግራው ሰማያዊ፣ መሐሉ አረንጓዴ፣ ቀኙ ቀይ። አባቴ ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ይቆማል። ቀለሙ የማይለወጥበት ቀን እንኳ ከሰማያዊው ያነሳውና አረንጓዴው ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ በኛ በስሎቫኮች ቋንቋ በሹክሹክታ እስከ ሦስት ይቆጥራል። ከዚያ ወደ ሰማያዊው ይመልሰዋል።

«ለምንድን ነው እዚያ የምትቆመው?»

«መብራቱ እንዳይደነግጥ።»

«መብራት ይደነግጣል እንዴ?»

«አንቺን ከእንቅልፍሽ ድንገት ብጎትትሽ አትደነግጭም?»

እደነግጣለሁ። ጥያቄው በዚሁ ተዘጋ፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት።

*

በጥር አንድ እሑድ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ የአሻንጉሊቴን ጫማ አስራለሁ። ከላይ አክስቴ ጎመን በቅቤ እያቁላላች ነው።

«ባለ ግራጫ ባርኔጣዋ ሴትዮ እንደገና መጥታ ነበር» አለች። «‹ልጅቷ ከትምህርት ቤት በኋላ የት ነው የምትውለው?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ፒያኖ ትማራለች አልኳት።»

«ፒያኖ? ዙዛና!»

«ታዲያ ምን ልበላት? ሰማይ ላይ ነው የምትውለው ልበላት?»

ባርኔጣዋ ከወረዳው መሥሪያ ቤት የመጣች ነበረች። እናቱ ኮረብታው ላይ የተኛችበትን፣ ጠባቂም የሌለውን ልጅ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ፤ ማሳደጊያው በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ነው። እኔ ግን ፒያኖ ልትሰጠን የምትመላለስ ሴትዮ መሰለችኝና ለምን ደጅ እንደሚያቆሟት ገረመኝ።

ከዚያ አክስቴ ድምፅዋን ቀነሰች። «ሐኪሙስ?»

«ይህን ብርድ ከተሻገረች ትመለሳለች አለ።»

«ካልተሻገረችስ?»

«ዙዛና፣ ጎመኑ እያረረ ነው።»

ጎመኑ አላረረም ነበር። እኔ ግን ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። እናቴ የማትመለሰው ብርዱ ስላላለፈ ነው። ብርዱን የሚያዘው አባቴ ነው። ታዲያ ምን ይጠብቃል?

በማግስቱ ጠየቅኩት። «ቀይ አድርገው።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ቀይ የሚሆነው ቀይ ሲሆን ነው።»

አባቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘብኩት። ሥራውን የሚወድ ሰው ይመስለኝ ነበር።

*

ሐሙስ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ አንድ ቁጥር አሳንሰር በአሥራ አራተኛውና በአሥራ አምስተኛው ፎቅ መካከል ቆመ። ውስጡ ትንሹ ቴስመር ራሱ ከሁለት እንግዶቹ ጋር ነበር። የሕንፃው ኃላፊ ሚስተር ፕሩይት በስልክ ሲጮህ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። አባቴ መሣሪያውን አንጠልጥሎ ተነሳ።

«ምንም እንዳትነኪ» አለኝ። «ካርል ከደወለ የሚልሽን ጻፊ። አሥራ ሁለት ሳይሞላ እመጣለሁ።»

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። እስከዚያ ቀን ስልኩ ውስጥ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።

«ስቲቭ?»

ድምፄን እንደቻልኩ አወፈርኩ። «ረዳቱ ነኝ።»

«ረዳት ሰጡህ? ሰጡት ማለቴ ነው። ጎሽ፣ ድሮም ያስፈልገው ነበር። ጻፍ እንግዲህ፣ ረዳት፦ ሰማያዊ፣ ብልጭ ድርግም። ከባድ ነው፤ ከካናዳ እየመጣ ነው። ዛሬ ሌሊት ከዜሮ በታች ሃያ ይገባል።»

«ገባኝ» አልኩት፣ ልክ እንደ አባቴ።

ከካናዳ ማን እንደሚመጣ አልጠየቅኩም። ሰውዬው ግን ብርድ እየለመነ እንደሆነ ተረድቻለሁ፤ አባቴ በየቀኑ እንዲህ የሚለምኑትን እሺ የሚል ደካማ ሰው መሆኑንም ተረዳሁ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ቀይ» ብዬ ጻፍኩ።

አሥራ ሁለት ሆነ። አባቴ አልመጣም። መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቆምኩና እጀታውን በአንድ እጄ ሳብኩት፤ አልነቃነቅም አለ። በሁለት እጄ፣ ሰውነቴን ጥዬበት ሳብኩት። ቀይ ሆነ፤ ከእጄ አምልጦ ሰማያዊ ሆነ፤ እንደገና ሳብኩት፣ ቀይ ሆኖ ቀጥ አለ። አረንጓዴው ላይ አልቆምኩም። ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ሦስት መቁጠር ረጅም ጊዜ መሰለኝ፤ እናቴ ብዙ ቆይታለች።

ክፍሉ የቼሪ ጭማቂ ውስጥ የገባ መሰለ። መስኮቱ ላይ ያለው በረዶ፣ የጣራዎቹ በረዶ፣ ከታች የሚሄዱት አውቶቡሶች ጣራ ሁሉ ሮዝ ሆነ። ወዲያው ሞቀኝ። ሹራቤን አወለቅኩ።

አባቴ የተመለሰው በሁለት ሰዓት ነው፣ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ። እጀታውን አየ።

«ቀይ?»

«ቀይ።»

«ካርል ነው ያለው?»

«ጻፍኩት እኮ።»

ወረቀቱን አነሳና አነበበው። «የጉልበቴ ቁርጥማትስ ሌላ አየር ነበር የሚለኝ» አለ። ቀጥሎ በጽዱው የእጁ ጀርባ ፀጉሬን ዳበሰኝና «ጎበዝ» አለኝ።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ጎበዝ ብሎኛል። ትዝ የሚለኝ ያ ብቻ ነው።

*

ሲነጋ መስኮታችን ከውስጥ በኩል በረዶ አብቅሎ ነበር። ሰፈራችን ቀዩን አይቶ ልብሱን ውጭ አስጥቶ ስላደረ፣ የጎረቤታችን የሚስተር ባላዥ ሱሪ በረዶ ሆኖ ያለ ሚስተር ባላዥ ደጅ ላይ ቆሞ አየሁት። ቧንቧ የፈነዳበት ቤት ብዙ ነው። ብርቱካን የጫነ መኪና ገበያው አደባባይ ላይ አድሮ ብርቱካኑ እንደ ድንጋይ ይንኳኳል። ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔ የዘገየ ሥራ መስሎኝ ተረጋጋሁ፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ብርድ በአንድ ሌሊት እንዴት ይወጣል?

አባቴ ይዞኝ ወደ ሥራው ሄደ። ሕንፃው ስንደርስ ሚስ ኦዴሳ አንዴ ፊቱን አየችና በክንዷ ጠርጋ ካፖርቷ ውስጥ ከተተችኝ። ወዲያው የሚስተር ፕሩይት ጫማ፣ ባለ ጥቁር ክሩ፣ ገባ። የአባቴ ጫማ ተከተለው።

«ዝም ብለሽ ወደ ላይ ውጪ ሚስ ቲብስ፣ የትም አትቁሚ» አለ ፕሩይት። በሩ ተዘጋ። «ስቲቭ፣ ካርል ለረዳትህ ነገርኩት ይላል። ረዳት አለህ እንዴ?»

ካፖርቱ ውስጥ ትንፋሼን ያዝኩ። ስሜን ሊጠራ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«የለኝም» አለ አባቴ።

«ታዲያ ስልኩን ማን አነሳው?»

«እኔ።»

«የልጅ ድምፅ ነው ይላል ሰውዬው።»

«ስጠጣ ድምፄ ይቀጥናል።»

አሳንሰሩ ሁለት ሦስት ፎቅ ወጣ።

«አንተ ትጠጣለህ?»

«ትናንት ጀመርኩ።»

«ሚስ ቲብስ! ይሄ ሰውዬ ይጠጣል?»

«መናገር አልፈልግም ነበር ጌታዬ» አለች ሚስ ኦዴሳ፣ ፎቅ በምትጠራበት ድምፅ። «ትናንት ሲገባ ግን አሳንሰሬ እስከ ጣራው ሸቶ፣ ሃያ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጸሐፊዎች ደረጃውን በእግራቸው ወረዱ።»

«ባባርርህ ማንም አይፈርድብኝም» አለ ፕሩይት። ድምፁ ግን ወርዶ ነበር። «ሚስትህ እዚያ ባትሆን…» አልጨረሰውም። «ቦይለር ክፍል ውረድ። መብራቱን ሁለተኛ እንዳትነካ።»

ካፖርቱ ውስጥ አለቀስኩ። ጠጪ መባሉ አይደለም ያስለቀሰኝ። ሥራዬን ነጠቀኝ ብዬ ነው፤ ብርዱን ማባረር የጀመርኩት እኔ፣ ስሙ የሱ። አባቴ ጨጓራውን ያመው ነበር፤ ቢራ ሲያሸት እንኳ ዓይኑ ያለቅሳል። «ልጄ ናት» ቢል ኖሮ ግራጫዋ ባርኔጣ በዚያው ሳምንት ትመጣ ነበር፣ ያለ ፒያኖ። ይህን ሒሳብ እሱ በስንት ፎቅ ውስጥ እንደሠራው አላውቅም። አምስት ቢሆን ነው።

ቦይለር ክፍል መውረዱን ግን በደስታ ተቀበልኩት። ሹመት ነው። ቀዩ መብራት ጥሩ ስለሠራ፣ ከላይ ሆኖ ከማዘዝ ወርዶ እሳቱን በእጁ እንዲያነድ ሾሙት።

መብራቱ ለፕሩይት የእህት ልጅ ለዱዌይን ተሰጠ። ዱዌይን ማስቲካ እያኘከ እጀታውን ጎትቶ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ልጅ ነበር፤ አረንጓዴ የሚባል ነገር አያውቅም። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። ምድር ቤት አባቴ በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አካፋውን አቁሞ ግድግዳውን ያያል። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን እኔ ካፖርቱ ውስጥ ሆኜ ዱዌይን አሳንሰሩ ውስጥ ገባ።

«ይቅርታ ጌታው» አለችው ሚስ ኦዴሳ፣ «አረንጓዴው ላይ ሦስት ትቆጥራለህ አይደል?»

«ምን እቆጥራለሁ?»

«ወይ ጉድ! አልነገሩህም? ቱቦው ሳያርፍ ከቀለም ወደ ቀለም ከዘለለ ይፈነዳል። በየቀኑ ነው ማሳረፍ፣ ቀለሙ ባይለወጥም።»

«ማንም አልነገረኝም!»

«ከአንተ በፊት የነበረው ሰው አንድ ቀን ሳይቆጥር አዞረው።»

«እና ምን ሆነ?»

«አሁን ምድር ቤት ነው። ወርደህ ጠይቀው።»

ዱዌይን አልወረደም። ለሚቀጥሉት አሥራ አንድ ዓመታት፣ አንድም ማታ ሳያጓድል፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ቀብሮ እስከ ሦስት ቆጠረ። ሲለቅ ለተተኪው በጽሑፍ አስረከበው።

*

ብርዱ በመጋቢት ወጣ። በሰኔ እናቴ ተመለሰች። ሐኪሞቹ ለሳንባዋ ሲሉ የግራ ጎኗን አጥንቶች አውጥተው ስለነበር ሰውነቷ ወደዚያ ዘመም ብሎ፣ ሁልጊዜ ከጎረቤት የሚመጣ ወሬ የምታዳምጥ ትመስል ነበር። ሥራዬ ትንሽ ዘግይቶም ቢሆን በመሥራቱ ኮራሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አባቴም ስለዚያ ሌሊት አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ሃያ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ አባቴ በተቀበረ በሳምንቱ፣ ከእናቴ ጋር ድንች እየላጥን ነበር። ነገርኳት። በቃ ከብዶኝ ነው፤ ሰካራም ያስባልኩት እኔ ነኝ አልኳት።

ቢላዋውን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች። «አይቼሻለሁ እኮ።»

የኮረብታው በሽተኞች የሚተኙት በረንዳው ላይ፣ ደጅ ነበር፤ በዚያ ዘመን ብርድ ለሳንባ መድኃኒት ነው ይባል ነበር። ነርሷ ስንት ብርድ ልብስ እንደምትሰጥ የምትወስነው የኛን ሕንፃ አይታ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ለአንድ ሰው አራት ብርድ ልብስና የሙቅ ውሃ ጠርሙስ። ቀይ ከሆነ ሁለት።

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ።

«አንሺው» አለች እናቴ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አረንጓዴውን ጠበቅኩ። አረንጓዴው የኔ ነበር። አሥራ አራት ወር ሙሉ አባትሽ ደህና እደሪ የሚለኝ በሱ ነው፤ እስከ ሦስት ይቆጥራል፣ እኔም እቆጥራለሁ። ያን ቀን አልመጣም። የሞተ መሰለኝ። ከዚያ ቀዩ መጣ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ መጣ። አባትሽ እንደዚያ አያዞርም። የሁለት እጅ ሥራ ነው። የሆነ ነገር ላይ የወጣ ሰው ሥራ ነው።»

«እና?»

«እናማ ጮህኩ።»

እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።

«ነርሷን ‹መብራቱ ውሸቱን ነው፣ ልጄ ናት!› አልኳት። ያተኮሰኝ መሰላትና ቴርሞሜትር ይዛ መጣች። ወረወርኩት። ከዚያ ወይዘሮ ኮቫች አጠገቤ ሆና መጮህ ጀመረች፤ ቀጥሎ ሁላቸውም። አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ ሳንባ የላቸውም እየተባልን የጩኸታችንን ነገር አትጠይቂኝ። አራት አራት ብርድ ልብስ አመጡልን።»

ድንቹን እያየሁ፣ «ተናደድሽብኝ?» አልኳት።

«አሥራ አራት ወር አላየሁሽም» አለች። «ምን ያህል እንዳደግሽ አላውቅም ነበር። ያን ማታ እጀታው ጋ መድረስሽን አወቅኩ።»

*

የመድን ድርጅቱ ኋላ አውራ ጎዳናው ዳር፣ መኪና ማቆሚያ ወዳለበት ሜዳ ሄደ። መብራቱ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ጠፋ። ሕንፃው ከዚያ ወዲህ ለእርግቦች ሆነ፤ ሊያፈርሱት ነው ሲሉ፣ ሆቴል ሊሆን ነው ሲሉ፣ ደግሞ ሊያፈርሱት ነው ሲሉ እኔ አረጀሁ። ባለፈው መስከረም መኖሪያ ቤት ሆኖ ተከፈተና ጋዜጣ ላይ መጥታችሁ ጎብኙ አሉ። ሄድኩ። የምከራይ መስዬ ጥሩውን ካፖርቴን ለበስኩ።

ብሬይደን የሚባል ፂሙን ያስተካከለ ልጅ አስጎበኘኝ። ሦስት ቁጥር አሳንሰር ውስጥ አሁን ፎቁን የምትጠራው ድምፅዋ የተቀዳ ሴት ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ስትደርስ ሃያ ዘጠኝ ብላ ብቻ ዝም ትላለች። ቦይለር ክፍሉ የስፖርት ቤት ሆኗል፤ አባቴ አካፋውን በሚያቆምበት ቦታ ሰዎች ግድግዳውን እያዩ ባሉበት ይሮጣሉ።

«መብራቱንም መልሰነዋል» አለኝ ብሬይደን፣ በኩራት። «በኮምፒዩተር ነው፤ ትንበያውን ራሱ ያነብባል። ታሪኩን እዚህ አድርገነዋል፣ እማማ፤ ይዩት።»

የመብራቱ ክፍል ግድግዳ ላይ የመስታወት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሁለት መስመር አነበብኩ። «መብራቱ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የተሳሳተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ሰክሮ።» ከሥሩ፦ «የድሮዎቹ ቱቦዎች እንዳይፈነዱ፣ በየማታው አረንጓዴ ላይ ሦስት ሰከንድ ያርፉ ነበር።»

መነጽሬን ጠረግኩ።

«ልጄ፣ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ማንም አልሰከረም።»

«ያውቁታል እንዴ?»

«ያዞረችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እሷም አልጠጣችም።»

ሳቀ፤ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ። ስልኩን አወጣ። «ስሟን ያውቁታል?»

«ቬሮና ሁዳክ። አባቷ ስቴፋን። ስቲቭ አይደለም፤ ስቴፋን። ‹አልጠጣም› ብለህ ጻፍ።»

ጻፈ። ፊደሉን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። «ሁለተኛውስ? እሱም ስህተት አለበት?»

ሁለተኛውን እንደገና አነበብኩት። ሚስ ኦዴሳ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏታል። ጽሑፉ ውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ያው ፎቅ የምትጠራበት።

«ሁለተኛው ልክ ነው» አልኩት። «አዲሱም ላይ አድርጉት።»

«አዲሶቹ አምፖሎች አይፈነዱም እኮ፣ እማማ።»

«በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ፈነዳ?»

ሰሌዳውን አየ። «አንድም ጊዜ።»

«አየህ።»

አራት ቁጥር አውቶቡስ ዛሬም ድልድዩን ይሻገራል። ቤቴ ከኮረብታው ሥር ነው። ነጩ ቤት ፈርሶ ሣር ሆኗል። በየማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካፖርቴን ደርቤ በረንዳዬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ልጄ ስልክ ስትደውል ንፁህ አየር እየተቀበልኩ ነው እላታለሁ። ከጎበኘሁ በኋላ ዘጠኝ ቀን መብራቱ ከቀለም ወደ ቀለም ዘለለ።

በአሥረኛው ቀን ሰማያዊው ጠፋና ሕንፃው አናት ላይ አረንጓዴ ሆነ። በኛ ቋንቋ፣ በሹክሹክታ ቆጠርኩ። ሦስት ስል ወደ ሰማያዊው ተመለሰ፣ ብልጭ ድርግም እያለ።

ተነሳሁና አራተኛውን ብርድ ልብስ ለማምጣት ገባሁ።